በነጠላ ሥር የተሸሸገው እብጠት

በየካም ሆነ በእንጦጦ ግርጌ የምትኖሪ እኅቴ፣ በነጠላሽ ሸፍነሽ ከባልሽ የደበቅሽው የቆዳ እብጠት አለ? «ሥጋ ደዌ ይሉኛል» ብለሽ ፈርተሽ ይሆናል። ሥጋ ደዌ እኮ በመድኃኒት ይድናል፤ አለርት ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱን አክሟል!

አልፎ አልፎ ግን ሊምፎማ የተባለው የንፍፊት ካንሰር በቆዳ ላይ ይወጣል። የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት በዙሪያው ተሰብስበው ግራኑሎማ ሲሠሩ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንኳ የነቀርሳ ወይም የሥጋ ደዌ ቁስል ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ የጀመርሽው መድኃኒት እብጠቱን ካላጠፋው በራስሽ አታቋርጪ፤ ተመልሰሽ ሐኪምሽን «ከቆዳዬ ናሙና እንደገና ይወሰድ?» ብለሽ ጠይቂ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለም ንገሪው።

ወንድሜ፣ አንተም አብረሃት ሂድ። ጸሎትና ምርመራ አይጣሉም። አንድ ሥጋ ናችሁና ዛሬ ማታ ተገላለጡ።