ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል

ዘንድሮ እኛን የላይኛው ክፍል ተማሪዎችን ከእግር ኳስ ቀጥሎ ብዙ ያከራከረን የሞተር ጉዳይ ነው። በተለይ አንድ ጥያቄ ሳይቋጭ ከርሟል፦ ለፍጥነት ውድድር ለሚዘጋጅ ሞተር የትኛው የማቀጣጠያ ሥርዓት ይሻላል? ማቀጣጠያ ስንል ባትሪውን፣ ቦቢናውን፣ ካንዴላውንና እነዚህን የሚያገናኙትን ሽቦዎች ሁሉ ማለታችን ነው። ከመካከላችን ብዙዎቹ «ቮልቱ የበዛው ያሸንፋል» ባዮች ናቸው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ተማሪዎች አቋማችን ሌላ ነው። በእኛ እምነት አስተማማኝ ማቀጣጠያ ማለት ሰዓቱን የማይስት፣ ሲበላሽም የተበላሸበትን ቦታ እዚሁ ካምፓላ ውስጥ ፈልገን ልናገኘውና ልንጠግነው የምንችለው ነው።

ድራግ ሬስ የሚባለውን ውድድር ለማያውቁ ወላጆቻችን በአጭሩ እናስረዳ። ሁለት መኪኖች ለዚሁ በተዘጋጀ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አረንጓዴ መብራት ሲበራ ይነሳሉ፤ ቀድሞ መጨረሻው የደረሰ ያሸንፋል። የተለመደው ርቀት 402 ሜትር ያህል ነው። ስፖርቱ ወግና ሥርዓት የያዘው አሜሪካ ውስጥ ሲሆን፣ ዋናው የአገሪቱ ማኅበር የተመሠረተው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1951 ነው። ሩጫው በሴኮንዶች ስለሚያልቅ እንደ ማራቶን መሀል ላይ ተዳክሞ ኋላ ማካካስ የሚባል ነገር የለም። አንድ ካንዴላ ለአፍታ እሳት ከነፈገ ነገሩ አበቃ።

እስኪ እናስላው። አራት ሲሊንደር ያለው የተለመደ የመኪና ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ይዙር እንበል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በየሁለት ዙሩ አንድ ብልጭታ ይፈልጋል። ስለዚህ ማቀጣጠያው በደቂቃ 12,000፣ በሴኮንድ ደግሞ 200 ብልጭታ ማቅረብ አለበት። በዚያ ፍጥነት የሞተሩ ዘንግ በሴኮንድ አንድ ሺኛ ውስጥ 36 ዲግሪ ይዞራል። ብልጭታው በሴኮንድ አንድ አሥር ሺኛ ብቻ ቢሳሳት 3.6 ዲግሪ ሳተ ማለት ነው። አለጊዜው ቀድሞ ከመጣ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ሲብስም ፒስተን ይቀልጣል። ከዘገየ ደግሞ ጉልበቱ በጭስ ማውጫው ይባክናል። ስለዚህ ብልጭታው ምን ያህል ይበረታል ከማለታችን በፊት ሰዓቱን ያከብራል ወይ ብለን መጠየቅ አለብን።

አሁን አማራጮቹን እንይ። የጥንቱ ዘዴ ፑንቲና ነው። ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጡት ሁለት ትናንሽ የብረት ነጥቦች ሲሆኑ በየጊዜው ይበላሉ፤ ሞተሩ በጣም ሲፈጥንም በደንብ መገጣጠም ያቅታቸዋል። ለውድድር አንመርጠውም። ሁለተኛው ማግኔቶ ነው። ባትሪ አይፈልግም፤ ሞተሩ በፈጠነ መጠን ይበረታል፤ ሲነሳ ግን ደካማ ነው። ሦስተኛው በብዙ ቦዳ ቦዳዎች ላይ የምናየው ሲዲአይ የሚባለው ነው። ኤሌክትሪኩን በካፓሲተር አጠራቅሞ በአንዴ ወደ ቦቢናው ይለቀዋል። ብልጭታው ፈጣንና ብርቱ ነው፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው። አራተኛው ከአሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ወዲህ በተሠሩት አብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች ላይ ያለው፣ ለእያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ቦቢና የተሰጠበት ነው። እያንዳንዱ ቦቢና ተራው እስኪደርስ ለመሙላት በቂ ጊዜ ያገኛል፤ ሰዓቱን የሚወስነውም ኮምፒውተር ነው።

የቮልት ደጋፊ ጓደኞቻችን ሁልጊዜ የሚጠቅሱልን ቶፕ ፊውል የተባሉትን የአሜሪካ መኪኖች ነው። እውነት ነው፤ እነሱ ለስምንት ሲሊንደር ሁለት ትላልቅ ማግኔቶዎችና 16 ካንዴላ ይጠቀማሉ። ነገር ግን ያ ሞተር የሚጠጣው ናይትሮሜቴን የተባለ ልዩ ነዳጅ ነው፤ ከየሩጫው በኋላም በባለሙያዎች ቡድን ተፈትቶ እንደገና ይገጠማል። ያ ማቀጣጠያ ለዚያ ሞተር ትክክለኛ ነው። ከኪሴካ ገበያ ለተገዛ የቶዮታ ሞተር ግን የዝሆን ጫማ ለፍየል እንደማጥለቅ ነው።

ስለዚህ ምርጫችን ይህ ነው። ሞተሩ ከፋብሪካ ለየካንዴላው ከተሰጠ ቦቢና ጋር ከመጣ እሱኑ አንንካው። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ መለዋወጫው እዚሁ ይገኛል። ሁለተኛ፣ ብልሽቱ ለመመርመር ይመቻል። አንድ ሲሊንደር ሥራ ካቆመ ሞተሩን አጥፍተን የዚያን ቦቢና ከጎረቤቱ ጋር እናቀያይራለን። ችግሩ አብሮ ከተዛወረ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው፤ ባለበት ከቀረ ካንዴላውን፣ ሽቦውን ወይም ሌላ ነገር እንመረምራለን። ውድ ዕቃ ሳይገዛ፣ በማሰብ ብቻ መልስ የሚገኝበት ዘዴ ይሏል ይህ ነው።

ሲዲአይ ወይም የበረታ ቦቢና አያስፈልግም አላልንም። ተርቦ የተገጠመለት ሞተር አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ብልጭታው ክፍተቱን ለመዝለል ይቸገራል። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የሚሞከረው የካንዴላውን ክፍተት ማጥበብ ነው፤ ለምሳሌ ከ1.1 ሚሊ ሜትር ወደ 0.8 ወይም 0.7። ሞተሩ አሁንም ከተንተባተበ፣ ያኔ ገንዘብ እናውጣ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የማቀጣጠያ ሥሩ ደግሞ ባትሪውና ሽቦው ነው። የዛገ የባትሪ ጫፍ፣ የላላ ብሎን ወይም ከሞተሩ አካል ጋር በደንብ ያልታሰረ የኔጌቲቭ ሽቦ ካለ፣ የዓለም ምርጡ ቦቢናም በቂ ኤሌክትሪክ አያገኝም። ካንዴላም ሲገዛ ከታመነ ሻጭ ይሁን፤ በታወቁ ፋብሪካዎች ስም የሚሸጡ አስመሳይ ካንዴላዎች በዓለም ገበያ ላይ ሞልተዋል።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ካምፓላ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ነዳጁ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ብልጭታው ትንሽ መቅደም ይኖርበታል። ለአዲስ አበባ አየር በእጅ የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሳይስተካከል ቢሮጥ ሊያንኳኳ ይችላል። ስለዚህ ከአዲስ አበባም ሆነ ከአሜሪካ የሚላክልን ምክር እንዳለ አይገለበጥም፤ እዚሁ ተለክቶ ነው የሚሠራበት።

እዚህ ላይ ወላጆቻችን «እናንተ ልጆች ይህ ሁሉ ምን ያደርግላችኋል?» ማለታቸው አይቀርም። ሥጋታቸው ይገባናል። የፖርት ቤል መንገድ በሌሊት ባዶ ቢመስልም የሚሻገር ሰውና መብራት የሌለው ቦዳ ቦዳ አያጣም። እዚያ መወዳደር ጀግንነት አይደለም፤ የሰው ሕይወት ላይ ቁማር መጫወት ነው። እኛም አንደግፈውም። ነገር ግን የፍጥነት ፍቅር በ«ተው» ብቻ አይጠፋም። የሚገራው ዕውቀት ነው። በሴኮንድ አንድ አሥር ሺኛ ምን እንደሚያበላሽ ያየ ልጅ መሪ ሲጨብጥም ይጠነቀቃል ብለን እናምናለን።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችንና ለወላጅ ኮሚቴው አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። አንድ አሮጌ ሞተር፣ አንድ መልቲሜትርና የብልጭታውን ሰዓት የሚያሳይ መብራት ይገዛልን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከማኅበረሰባችን መካኒኮች አንዱ አጠገባችን ቆሞ ያስተምረን። ቦቢና ብዙ ሺህ ቮልት ስለሚያወጣ ያለ ባለሙያ መነካካት የለበትም። ትምህርቱም ለወንዶች ብቻ አይሁን፤ በክፍላችን ፊዚክስ ጎበዞቹ ሴቶቹ ናቸው። የእጅ ሥራን ዝቅ አድርጎ ማየት ካለ ደግሞ፣ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ መሆኑን እናስታውስ።

የሚቸኩል ሰው ትልቁን ቦቢና ይገዛል፤ የሚያሸንፍ ሰው የላላውን ብሎን ያጠብቃል። ለመጪው ዓመት ተማሪዎች የምንተወው ምክር ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ቆመን እንታጠቅ፣ ከዚያ እንሩጥ።