የጎልፍ ውርርድ፦ ጽናቱ የማን ነው?

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንድ ስፖርትና ስለ አንድ ቃል ነው። ስፖርቱ ጎልፍ ነው፤ ቃሉ ደግሞ «ውርርድ»። አዳዲስ ቃላት ካጋጠሟችሁ አትጨነቁ፤ መጨረሻ ላይ ፍቺያቸውን ታገኛላችሁ።

ለምን ጎልፍ? ኮሎምበስ በጎልፍ የታወቀች ከተማ ስለሆነች ነው። ከዓለም ታላላቅ የጎልፍ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ጃክ ኒክላውስ እ.ኤ.አ. በ1940 እዚሁ ተወለደ። ሜጀር ተብለው የሚጠሩትን ታላላቅ ውድድሮች 18 ጊዜ አሸንፏል። ከኮሎምበስ ወጣ ብላ በምትገኘው በደብሊን ሚዩርፊልድ ቪሌጅ የሚባል የጎልፍ ሜዳ አሠራ፤ ሜዳው በ1974 ተከፈተ። ከ1976 ጀምሮ ደግሞ ሜሞሪያል የሚባለው ውድድር እዚያ ይካሄዳል።

ውርርድስ ለምን? ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በኦሃዮ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው በስልኩ በስፖርት መወራረድ ይችላል። ብዙ ወላጆቻችን «ቁማር» ሲባል ካርታ፣ ጠረጴዛና ሌሊት ይታያቸዋል። ዛሬ ግን ቁማር ኪስ ውስጥ ነው። ልጁ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ጎልፍ ሲያይ፣ እናት ስፖርት የሚከታተል ይመስላታል። እሱ ግን የቤት ኪራይ ገንዘቡን አስይዞ ሊሆን ይችላል።

አስቸጋሪ ሜዳ ምን ይፈትናል?

በጎልፍ የሚያሸንፈው ኳሷን በጥቂት ምት 18ቱም ጉድጓዶች ውስጥ ያስገባ ሰው ነው። በሚዩርፊልድ ቪሌጅ ከአንድ ጥሩ ተጫዋች በቀን የሚጠበቀው 72 ምት ነው። ይህ ቁጥር «ፓር» ይባላል። ሜዳው ግን አይምርም። ሣሩ ወፍራም ነው፤ በጉድጓዶቹ ዙሪያ ያለው ሣር ደግሞ በጣም አጭር ስለሆነ ኳሷ እንደ በረዶ ላይ ትንሸራተታለች። በ12ኛው ጉድጓድ ኳሷን በኩሬ ላይ አሻግሮ መምታት ያስፈልጋል። ትንሽ ካጠረች ውኃ ውስጥ ትገባለች።

አንድ ዙር አራት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ተጫዋቹ ኳስ የሚመታው ግን ከዚያ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ቀሪውን ጊዜ ይራመዳል፤ ያስባል፤ ከራሱ ጋር ይሟገታል። የተበላሸው ምት ከአእምሮው ካልወጣ ቀጣዩንም ያበላሻል። ኒክላውስ ከመምታቱ በፊት የኳሷን መንገድ ሁሉ በዓይነ ሕሊናው ያይ እንደነበር ይታወቃል። ያለፈውን ትቶ የሚመጣውን ብቻ ማየት ትልቅ ጽናት ነው።

በ2024 የሜሞሪያል ውድድር ስኮቲ ሼፍለር የመጨረሻውን ቀን በአራት ምት ብልጫ ጀመረ። ያን ቀን ሜዳው ለሁሉም ከበደ። እሱም 74 መታ፤ ከፓር ሁለት የበለጠ ማለት ነው። ሆኖም ኮሊን ሞሪካዋን በአንድ ምት በልጦ አሸነፈ። ያን ቀን በደንብ ስለተጫወተ አይደለም ያሸነፈው፤ ነገር ሲበላሽበት ስላልተደናገጠ ነው።

ጎበዝ ተጫዋች ኳሱ ዛፍ መሃል ስትገባበት ምን ያደርጋል? ብዙውን ጊዜ ተአምር አይሞክርም። ኳሷን በትንሽ ምት ወደ ሜዳው ይመልሳል። አንድ ምት ከሰረ፤ ያንን ይቀበላል። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የሚባለው ተረት እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

ተወራራጁስ?

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። ተወራራጁ «እኔ ጎልፍ አውቃለሁ፤ ማን ጽኑ እንደሆነ አውቃለሁ» ይላል። ምናልባት እውነቱን ነው። ግን ዕውቀት ምን ያህል ይረዳዋል?

በጁን 2021 የሆነውን እንይ። ስፔናዊው ጆን ራም በዚሁ ሜዳ ከሦስት ቀን ጨዋታ በኋላ በስድስት ምት ይመራ ነበር። በሦስተኛው ዙር 64 ብቻ ነበር የመታው። የቀረው አንድ ቀን ነበር። ሦስተኛውን ዙር ጨርሶ ሲወጣ ግን ኮቪድ እንደተገኘበት ነገሩት፤ ከውድድሩም ወጣ። በማግስቱ ፓትሪክ ካንትሌይ አሸነፈ። በራም ጽናት ላይ ገንዘብ ያስያዘ ሰው ስለ ራም የገመተው ሁሉ ትክክል ነበር። በተለመደው የውርርድ ደንብ ግን፣ መጫወት ጀምሮ ያቋረጠ ተጫዋች እንደ ተሸናፊ ይቆጠራል።

ራም ራሱስ? ከሁለት ሳምንት በኋላ በካሊፎርኒያ የዩኤስ ኦፕንን አሸነፈ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ጉድጓዶች ከፓር አንድ አንድ ምት ቀንሶ ነበር ድሉን የወሰደው። ያ ጽናት የራም ነው። ከእሱ ልንማር እንችላለን፤ ገንዘብ በማስያዝ ግን የራሳችን ልናደርገው አንችልም።

ሒሳቡም አለ። በብዙ ውርርዶች 100 ዶላር ለማትረፍ 110 ዶላር ማስያዝ ያስፈልጋል። ሁለት ሰዎች በተቃራኒ ጎን 110 ዶላር ቢያስይዙ፣ የተሸነፈው 110 ያጣል፤ ያሸነፈው 100 ያተርፋል። አሥሩ ዶላር ለድርጅቱ ይቀራል። ስለዚህ ላለመክሰር እንኳ ከ100 ውርርድ ቢያንስ 53ቱን ማሸነፍ ያስፈልጋል። በጎልፍ ደግሞ አሸናፊውን መገመት ከዚህ ይከብዳል፤ ተወዳዳሪዎቹ ብዙ ናቸውና። ሼፍለር በ2024 ሰባት የፒጂኤ ቱር ውድድሮችን አሸንፏል። ያ ድንቅ ዓመት ነበር፤ ሆኖም ከተሰለፈባቸው ውድድሮች ከግማሽ በሚበልጡት ያሸነፈው ሌላ ሰው ነው።

በአማርኛ ቁማር የተሸነፈ ሰው «ተበላ» ይባላል። ቃሉ ነገሩን በደንብ ይገልጸዋል። የተበላ ሰው ሁለተኛ ውርርድ የሚያስይዘው የመጀመሪያውን ለማስመለስ ነው። ጎበዙ ተጫዋች አንድ ምት ከስሮ ወደ ሜዳው ሲመለስ፣ ተወራራጁ ግን ዛፍ መሃል ቆሞ ተአምር ይሞክራል። ከሼፍለር ትምህርት ቢወስድ ኖሮ ስልኩን ያስቀምጥ ነበር።

የድሮው ውርርድ

ውርርድ በአገራችን አዲስ ቃል አይደለም። በድሮው የሙግት ሥርዓት ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ይወራረዱ ነበር። አንዱ በማር፣ ሌላው በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዳል፤ የተረታው ይከፍላል። በዚያ ውርርድ ሰው የሚያስይዘው በራሱ ቃል ላይ ነበር። በስልኩ ውርርድ ግን የምናስይዘው በማናውቀው ሰው ክንድና በነፋስ አቅጣጫ ላይ ነው።

ምን እናድርግ?

ጎልፉን እዩ፤ ደስ ይላል። ገንዘብ ሳታስይዙ «ማን ያሸንፋል?» ብላችሁ ከአባታችሁ ጋር ገምቱ። የተሸነፈ ቡና ያፍላ።

ነገሩ ከእጃችሁ ከወጣ ግን ብቻችሁን አትያዙት። በኦሃዮ በ1-800-589-9966 ደውሎ በነጻ ምክር ማግኘት ይቻላል። «ታይም አውት ኦሃዮ» በሚባለው አሠራርም ሰው ራሱን ለአንድ ዓመት፣ ለአምስት ዓመት ወይም ለዕድሜ ልክ ከውርርድ ማገድ ይችላል። ለቤተሰብ ለመናገር አማርኛው ካስቸገራችሁ እንዲህ በሉ፦ «እማዬ፣ በስልክ እየተወራረድኩ ገንዘብ ተበልቻለሁ። ማቆም አቃተኝ፤ እርጂኝ።»

ወላጆችም ይህን ስትሰሙ «አዋረድከን» ወይም «አዋረድሽን» ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲያ ከተባለ ልጁ ሁለተኛ አይናገርም፤ ተደብቆ ለማስመለስ ይሞክራል። በመጀመሪያ «እንኳን ነገርከን» በሉት። ዕዳው ስንት እንደሆነ ቀጥሎ ይጠየቃል። ያን ጊዜ መረጋጋት የእናንተም ጽናት ነው።

የዛሬ ቃላት

ውርርድ፦ «እንዲህ ይሆናል፣ አይሆንም» ብሎ ገንዘብ ወይም ዕቃ አስይዞ መከራከር።
አስያዘ፦ ቢሸነፍ የሚከፍለውን ነገር አስቀድሞ አስቀመጠ።
ተበላ፦ በቁማር ተሸነፈ፤ ገንዘቡን አጣ።
ማስመለስ፦ የሄደን ነገር መልሶ ማግኘት።
ጽናት፦ በችግር ጊዜ ሳይናወጡ መቆየት።

ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።