የታመመ ሠራተኛ ሐቅና የግብር ስሌት



በዚህ ወር የማነሳው ጉዳይ መርካቶ ውስጥ ብዙ ቤት የሚነካ፣ ግን ብዙም የማይወራ ነው። ሠራተኛ ታሞ ሲተኛ ከሚከፈለው ደመወዝ ላይ ግብር እንዴት ይቆረጣል?

ነገሩ እንዲህ ገጠመኝ። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ከአንዋር መስጊድ ስወጣ ቀድሞ ያስተማርኩት ወጣት አገኘኝ። በጣም ከስቷል። «ኡስታዝ፣ እስቲ ይቺን ሒሳብ ይዩልኝ» ብሎ ከኪሱ የታጠፉ ወረቀቶች አወጣ። አንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ውስጥ በወር 10,000 ብር ይሠራል። ቲቢ ይዞት በሐኪም ትእዛዝ ለሦስት ወር ከሥራ ርቆ ነበር። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ ማለትም 5,000 ብር ተሰልቶለታል። በሦስቱም ወረቀቶች ላይ ግን የሥራ ግብር የሚለው መስመር አንድ ዓይነት ነው፤ 1,650 ብር። «ደመወዙ ግማሽ ሲሆን ግብሩ ለምን ሙሉ ሆነ?» ይላል። እናቱ ግን «ታመህ ያላባረሩህን ሰዎች ሒሳብ ልትጠይቅ ነው?» ብለው ተቆጥተውታል።

የልጁ ጥያቄ ትክክል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም መሥራት ሲያቅተው የሕመም ፈቃድ ያገኛል። ፈቃዱ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል፤ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ክፍያ የላቸውም። ሠራተኛውም በበኩሉ መታመሙን ማሳወቅና የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ አለበት።

ይህ ክፍያ የአሠሪው ችሮታ አይደለም፤ ደመወዝ ነው። ደመወዝ በመሆኑም ግብር አለበት። «የታመመ ሰው ግብር አይቆረጥበትም» የሚሉ ወንድሞች ተሳስተዋል። ነገር ግን ግብሩ የሚሰላው በዚያ ወር በተከፈለው ገንዘብ ላይ እንጂ በደህናው ጊዜ ደመወዝ ላይ አይደለም።

ስሌቱን እንመልከት። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ን ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። በዚህ መሠረት የ10,000 ብር ግብር 300፣ 600 እና 750 ተደምሮ 1,650 ብር ይሆናል። የ5,000 ብር ግብር ግን 300 እና 200፣ ባጠቃላይ 500 ብር ብቻ ነው። የግማሹ ደመወዝ ግብር ከሙሉው ግብር ግማሽ እንኳ እንዳልሆነ አስተውሉ፤ መጣኔው ከገቢው ጋር ስለሚወርድ ነው። ስለዚህ ከልጁ በየወሩ 1,150 ብር፣ በሁለቱ ወራት 2,300 ብር ያለአግባብ ተቆርጧል። (የጡረታ መዋጮ ለብቻው የሚታይ ስለሆነ እዚህ አላስገባሁትም።)

ሁለት ነገሮች ልጨምር። ሙሉና ግማሽ ክፍያ በአንድ ወር ውስጥ ከተገናኙ ሁለቱ ተደምረው ግብሩ አንድ ጊዜ ይሰላል። አሠሪው ለሠራተኛው ሕክምና የከፈለው ትክክለኛ ወጪ ደግሞ ከግብር ነጻ ስለሆነ ከደመወዙ ጋር አይደመርም።

ልጁ ብቻውን መሄድ ስለፈራ አብሬው ሄድኩ። ባለመደብሩ ሐጂ በአክብሮት ተቀበሉን፤ ጉዳዩን ሲሰሙ ግን ቅር አላቸው። «ይህ ልጅ ለእኔ እንደ ልጄ ነው። ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠይቄዋለሁ፤ 2,000 ብር ከኪሴ ሰጥቼዋለሁ። ዛሬ ሒሳብ?» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ሆኖም የሒሳብ ሠራተኛው መዝገቡን ሲያመጣ ነገሩ ተገለጠ። ለግብር መሥሪያ ቤቱ የተገለጸውና የተከፈለው 500 ብር ነው። ደመወዝ ከፋዩ ግን በልማድ 1,650 ቆርጧል። ትርፉ 2,300 ብር ከሐጂው ካዝና አልወጣም ነበር።

ሐጂው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ሳላውቅ የየቲም ልጅ ገንዘብ ይዤ ሰደቃ ሰጠሁ እል ነበር» ብለው ገንዘቡን ቆጥረው ሰጡት። ይህን ለማለት ብርታት ይጠይቃል፤ አላህ ይቀበላቸው።

ውድ አንባቢያን፣ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ሰደቃና ሐቅ ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት አይሞላም። በቁርኣን ውስጥ ስፍርና ሚዛን በሚያጎድሉ ሰዎች የተሰየመ ሱራ አለ፤ አል ሙጠፊፊን። ሚዛን ሲባል የበርበሬ ተራው ኪሎ ብቻ እንዳይመስለን። የደመወዝ መክፈያ ወረቀትም ሚዛን ነው።

አሠሪዎች ሆይ፣ ሠራተኛችሁ የአገራችሁ ልጅ ወይም ዘመድ ቢሆንም ሒሳቡን ጽፋችሁ ስጡት። ፍቅርን የሚያቆየው የጠራ ሒሳብ ነው። ሠራተኞችም የሐኪም ማስረጃችሁንና የደመወዝ ወረቀታችሁን አትጣሉ፤ በጨዋ አንደበት ጠይቁ። በንግግር ካልተፈታ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አለ። ያልተከፈለ ደመወዝ የመጠየቅ መብት በ6 ወር ይርጋ ስለሚታገድ ግን «ይሁን፣ በኋላ» አትበሉ።

እናቶችም ልጆቻችሁን ትዕግሥት ስታስተምሩ ሐቅን መጠየቅ ብልግና አለመሆኑን አብራችሁ አስተምሯቸው።

አላህ በሽተኞቻችንን ያሽርልን፣ ሪዝቃችንንም ሐላል ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።