ለ4 ፓውንድ 35

የባንክ ቅጣት ነገር በተነሣ ቁጥር፣ ለንደን የሚኖሩ ወገኖቼ «ያለህን አውቀህ አውጣ» ይሉኛል። ምክሩ መልካም ነው፤ የሌላ ጥያቄ መልስ መሆኑ ነው እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሂሳቤ ውስጥ 4 ፓውንድ ጎድሎ የመብራት ክፍያዬ ተመለሰ። ባንኬ 35 ፓውንድ ቀጣኝ። ቅጣቱ ራሱ ሂሳቤን ከዜሮ በታች ስላወረደው በሳምንቱ የስልኩም ተመለሰ፤ ሌላ 35 ተደገመ። ጥፋቴን አልክድም። ነገር ግን አንድ ኮምፒውተር «አይከፈልም» ለማለት 35 ፓውንድ ይፈጃልን? ወጪን መተካት አንድ ነገር ነው፤ ከሰው ችግር ማትረፍ ሌላ።

በመረጃ ጥበቃ ሕጉ መሠረት 10 ፓውንድ ከፍዬ የስድስት ዓመት ዝርዝሬን ጠየቅሁ፤ ቅጣቶቹን ደምሬ ደብዳቤ ጻፍሁ። «አግባብ ነው» አሉ። ፍርድ ቤት ስከስሳቸው ግን ገንዘቤን «በመልካም ፈቃድ» መለሱ። መልካሙ ፈቃድ እስከዚያ የት ተኝቶ እንደ ነበር አልነገሩኝም።

በጽዳት ሥራ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ጎረቤቴ ከእኔ ይልቅ ተቀጥታለች። ደብዳቤውን ጽፌላት ነበር፤ «ሂሳቤን ቢዘጉብኝስ?» ብላ ዘገየች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ተረት ይዘን ነውና የተሰደድነው። በሐምሌ 2007 የአገሩ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በሰባት ባንኮችና በአንድ የቤት ቁጠባ ማኅበር ላይ የመፈተኛ ክስ ሲከፍት፣ የግለሰቦች አቤቱታ ባለበት እንዲቆም ተደረገ። ኅዳር 25 ቀን 2009 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለባንኮቹ ፈረደ። ልብ በሉ፣ ቅጣቱ ፍትሐዊ ነው አላለም። ቅጣቱ የአገልግሎቱ ዋጋ አካል ነውና፣ የ1999ኙ ደንብ የዋጋውን ተመጣጣኝነት ለመመርመር አይፈቅድም አለ እንጂ።

እንግዲህ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ደመወዙ ከወር እስከ ወር የሚደርስለት ሰው ሂሳቡን በነፃ የሚያንቀሳቅሰው፣ የማይደርስለት ስለሚከፍልለት ጭምር ነው። ያለህን አውቀህ አውጣ የምትሉኝ ወገኖቼ፣ «ነፃ» የምትሉትን ሂሳብ ማን እንደሚከፍልላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

በሚያዝያ 2020 ያልተፈቀደ ብድር ላይ የሚጣለው ቁርጥ ቅጣት በተቆጣጣሪው ታገደ፤ ብዙ ባንኮችም ወዲያው የብድሩን ወለድ ወደ 40 በመቶ አስጠጉት። ዛሬ ቅር የተሰኘ ደንበኛ መጀመሪያ ለባንኩ ይጻፍ፤ መልሱ ካላረካው ለፋይናንስ ዕንባ ጠባቂው ያለ ክፍያ ማመልከት ይችላል። ለጎረቤቴ ግን እስከ ዛሬ አንድ ሳንቲም አልተመለሰላትም።