አክሲዮኑ እንጦጦ እስኪደርስ

የእህቴ ልጅ የሚኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለፈው እሑድ ደውሎ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣ «ጋሼ፣ የባዮቴክ አክሲዮን ልገዛ ነው» አለኝ። ኩባንያው እስካሁን አንድም መድኃኒት አልሸጠም። ለአንድ ብርቅ ሲንድሮም የታሰበ መድኃኒት ሙከራ ላይ አለው፤ ውጤቱ ከሦስት ወር በኋላ ይታወቃል አሉ።

«ከተሳካ እኮ በአንድ ቀን እጥፍ ነው!»

«ካልተሳካስ?»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

ቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ በመስኮቴ የእንጦጦ ጋራ ይታየኛል። «ሲንድሮም» ሲባል ትዝ የሚለኝ ኤድስ ነው፤ በዚህ ምሕጻረ ቃል የመጨረሻዋ ፊደል ሲንድሮም ማለት ናት፤ አንድ ላይ የሚመጡ የሕመም ምልክቶች። እና ይህ ጋራ ስለ ሲንድሮም ከእህቴ ልጅ ቀድሞ ያውቃል።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ እንጦጦ ማርያም ዙሪያ ያሉት የጭቃ ቤቶች ከኤድስ ፈውስ በሚሻ ጠበልተኛ የተሞሉ ነበሩ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው ትንሽ ክፍል ተከራይቶ፣ ሌሊት ነጠላውን ተከናንቦ፣ ጀሪካኑን ይዞ ይወጣል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መታደል ቢጀምርም፣ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል የሚመስለው ብዙ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና ክኒኑ እንደማይጣሉ፣ አብሮ መውሰድም እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ያኔ ወሬው ሁሉ ስለ ጠበሉ ነበር። እኔን ዛሬ የሚያስገርመኝ ክኒኑ ነው። ማን ከፍሎለት ነው እዚያ ዳገት ላይ የወጣው?

ለኤች አይ ቪ ከሚወሰዱት ክኒኖች አንዱን፣ ቴኖፎቪርን፣ እንውሰድ። ንጥረ ነገሩ የአንቶኒን ሆሊ የተባለ የፕራግ ኬሚስት ሥራ ነው። ወደ መድኃኒትነት ያደረሰው በፈረንጆቹ 1987 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመው ጊሊያድ ነው። ኩባንያው ለብዙ ዓመታት ከኪሳራ አልወጣም ነበር፤ ያቆየው የባለአክሲዮኖች ገንዘብ ነው። መድኃኒቱ የአሜሪካን ፈቃድ ያገኘው በ2001 ነው። ስለዚህ ባለአክሲዮንን በጅምላ ስግብግብ ከሚሉ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። ነገር ግን የባለአክሲዮኑ ገንዘብ መድኃኒቱን ከመጀመሪያው በር በላይ አላሻገረውም። ከ2006 ጀምሮ የህንድ ፋብሪካዎች በፈቃድ በርካሽ እንዲያመርቱት ተደረገ፤ ግሎባል ፈንድ የተባለው ዓለም አቀፍ የዕርዳታ ድርጅትና ፔፕፋር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም ደግሞ ለደሃ አገሮች ሕመምተኞች የመድኃኒት መግዣ ከፈሉ። ከእነዚህ እጆች አንዱ ቢጎድል ኖሮ እንጦጦ ላይ ጠበሉ ብቻውን ይቀር ነበር።

ያው ኩባንያ አሁን ሌናካፓቪር የሚባል፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወጉት፣ ከቫይረሱ የሚከላከል መርፌ አለው። ውጤቱ በ2024 በተገለጸው የደቡብ አፍሪካና የኡጋንዳ ሙከራ መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ወጣት ሴቶች አንዲቷም አልተያዘችም። አሜሪካ ውስጥ በ2025 የወጣለት የዓመት ዋጋ 28,218 ዶላር ነበር። የህንድ ፋብሪካዎች ግን ከ2027 ጀምሮ ለ120 አገሮች በዓመት ወደ 40 ዶላር ሊያቀርቡት ተስማምተዋል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፌ ለእህቴ ልጅ በቴሌግራም ላክሁለት።

የእሱ ኩባንያ የያዘው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኤድስ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕመምተኛና አደባባይ የወጣ ጩኸት ነበረው። ብርቅ ሲንድሮም ጥቂት ልጆችና የደከሙ እናቶች ብቻ ናቸው ያሉት። ሬት ለተባለው፣ በአብዛኛው ሴት ሕፃናትን ለሚይዘው ሲንድሮም የመጀመሪያው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው በ2023 ነው፤ የዓመት ዋጋው በመቶ ሺህ ዶላሮች ይቆጠራል። ለዚህ ዓይነቱ ግሎባል ፈንድ የለም።

ስለ ገንዘቡ የመከርሁት በእንጦጦ ቋንቋ ነው። አያቱ ጋራው ግርጌ ባሕር ዛፍ ነበራቸው። በጥቂት ዓመት ለማገር ይደርሳል፤ ቢቆረጥም ጉቶው ያቆጠቁጣል። ሙከራ ላይ የወደቀ መድኃኒት ግን ጉቶ የለውም። በሰው ላይ መሞከር ከሚጀምሩት አሥር መድኃኒቶች ለገበያ የሚበቃው አንድ ያህል ነው። በዚያ ላይ ኩባንያው ገንዘብ ሲያልቅበት አዲስ አክሲዮን ይሸጣል፤ ያንተ ድርሻ ይሳሳል። የቤት ኪራይና የዕቁብ ብር እንዳታስገባበት፣ ካዝናው ስንት ወር እንደሚያቆየውም ሳታይ እንዳትገዛ አልሁት። እኛ እዚህ በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ አለን፤ አክሲዮን ሲባል ግን አብዛኞቻችን አሁንም የሚታየን ባንክ ነው። ስለዚህ ምክሬ የሩቅ ተመልካች ምክር ነው።

ደግሞ የእህቴ ልጅ ሰፈር ውስጥ ዩናይትድ ቴራፒዩቲክስ የተባለ የመድኃኒት ኩባንያ አለ። ማርቲን ሮትብላት ኩባንያውን በፈረንጆቹ 1996 ያቋቋመችው ልጇ የሳንባ ደም ሥር ግፊት ታማባት፣ የሚያድናት መድኃኒት ፍለጋ ነው። በዚያ በር ደጋግሞ አልፏል፤ ታሪኩን ግን ከእኔ ሰማ።

በመጨረሻ ግዛ አልሁት። ባለአክሲዮን ከሆንህ ግን በዓመታዊ ጉባኤው አንድ ጥያቄ ጠይቅልኝ፦ መድኃኒቱ ከጸደቀ፣ መክፈል ለማይችል አገር በርካሽ እንዲመረት ፈቃድ ትሰጣላችሁ ወይ? ውጭ አገር ሆናችሁ እንዲህ ያለ አክሲዮን የያዛችሁ አንባብያንም፣ እባካችሁ ይህንኑ ጠይቁልን።