መልእክቱን ያነበበላት ልጅ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ፣ ጠዋት ጠዋት ዓሣ ይሸጣል። ሌሊቱን ወንዙ ላይ ያደሩት አስጋሪዎች ጎህ ሲቀድ ይደርሳሉ፤ ሴቶቹ ተረክበው መሬት ላይ ባነጠፉት ላስቲክ ይደረድሩታል። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ሻጭና ገዢ ይከራከራሉ። ከአራት ሰዓት በኋላ ዋጋውን የምታወርደው ፀሐይዋ ናት። በጋምቤላ ሙቀት ዓሣ ለነገ አይባልም።

አንድ ጠዋት ከአንዲት የአኝዋሃ ሴት ፊት ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከእኔ በፊት የነበረው ወጣት ሁለት ትልልቅ ዓሣ መረጠና «ቴሌብር ላድርግልሽ» አላት። ስልክ ቁጥሯን በቃሏ ነገረችው። ልጁ ነካክቶ ሲጨርስ፣ ጉያዋ ውስጥ የነበረችው ባለ ቁልፍ ስልክ ጮኸች። አውጥታ አላየቻትም። ዘወር ብላ ከጎረቤት መደብ አጠገብ የቆመ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ጠራች። ልጁ ቀፎውን ተቀብሎ መልእክቱን በልቡ አነበበና በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገራት። ዓሣውን ጠቅልላ የሰጠችው ከዚያ በኋላ ነው።

ተራዬ ሲደርስ «እህቴ፣ ሁልጊዜ እሱ ነው የሚያነብልሽ?» አልኳት።

«እሱ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ ብር በእጅ ብቻ» አለችኝ በገበያ አማርኛዋ።

ይህች ሴት ስልክ አላት፣ ሲም ካርድ አላት፣ ቴሌብር አላት። በማናቸውም የቆጠራ ሰንጠረዥ ላይ የዲጂታል ክፍያ ተጠቃሚ ተብላ ትመዘገባለች። ተጠቃሚ የምትሆነው ግን የጎረቤቷ ልጅ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ በሆነበት ሳምንት ብቻ ነው። ፈረቃው ሲቀየር ስልኳ እንደገና የመነጋገሪያ ዕቃ ብቻ ይሆናል።

ነገሩ እንደው ማንበብ አለመቻል ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በጋምቤላ ትምህርት ቤቶች የአኝዋሃም ሆነ የኑዌር ቋንቋ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንድ ሁለት ክፍል ተምሮ ያቋረጠ ጎልማሳ የራሱን ቋንቋ ማንበብ ቢችል እንኳ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ መልእክት ሲመጣለት ፊደሉም ቋንቋውም እንግዳ ነው። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ገበያ ላይ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይናገረዋል። «ስንት ነው»፣ «ቀንሽ»፣ «ዝርዝር የለም» ለማለት የሚበቃ አማርኛና «የአገልግሎት ክፍያ ተቀንሶ ቀሪ ሂሳብዎ» የሚለውን ለመረዳት የሚበቃ አማርኛ ግን በጣም ይራራቃሉ።

ስልክ ለጋምቤላ ንግድ ብዙ ሠርቷል። ድሮ የሱቅ ነጋዴ ዕቃ ሊያመጣ ብር በወገቡ ታጥቆ አዲስ አበባ ድረስ ከ760 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝ ነበር። አሁን አከፋፋዩ የዕቃውን ፎቶ በቴሌግራም ይልክለታል፤ ይመርጣል፣ ብሩን ያስተላልፋል፣ የመኪናውን ታርጋና የሾፌሩን ቁጥር ይቀበላል። ሱቁን አንድ ቀን ሳይዘጋ ዕቃው ደጁ ይደርሳል። በላሬም በኢታንግም ወረዳ በሬ የሚነዳ ነጋዴ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ዘመዱ ጋ ሚስኮል ያደርጋል፤ ተደውሎለት ገበያው እንዴት እንደዋለ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ይሰማል። ይህ ሁሉ እንዲህ የተለመደ ስለሆነ ቴክኖሎጂ ብሎ የሚጠራው እንኳ የለም።

የበሬ ነጋዴው ስልኩን የሚጠቀመው ለመነጋገር ነው፣ በኑዌርኛ፣ ከሰው ጋር። ስልክ ድምፅ ብቻ እያለ ለሁሉም እኩል ነበር፤ በየትኛውም ቋንቋ ብትናገርበት ያደርስልሃል። ጽሑፍ፣ ማውጫ ዝርዝርና «ለመቀጠል 1ን ይጫኑ» ሲመጣ ግን ስልኩ ራሱ ተናጋሪ ሆነ። ተናጋሪ ሲሆን ደግሞ ቋንቋ መረጠ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሲጀመር በአምስት ቋንቋዎች ነበር፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና እንግሊዝኛ። ለአንድ አዲስ አገልግሎት ይህ ትንሽ አይደለም፤ ባሮ ዳር ያለችው ሴት ግን ከአምስቱ በአንዱም አልተጠራችም።

ስለ ስልክና ስለ ዓሣ ሲነሣ ኢኮኖሚስቶች ሁሉ የሚጠቅሱት አንድ ጥናት አለ። ሮበርት ጄንሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ሲሆን፣ የደቡብ ህንዷን የኬረላን የባሕር ዳርቻ ይመለከታል። ስልክ ከመግባቱ በፊት አስጋሪው ያጠመደውን ይዞ በአቅራቢያው ወዳለው ወደብ ይገባል፤ ገዢ ካጣ ዓሣውን መልሶ ባሕር ውስጥ ይጥለዋል። ጄንሰን የመዘገበው አንድ የጥር ጠዋት አለ፣ እ.ኤ.አ. 1997። ባዳጋራ በተባለ ወደብ 11 አስጋሪዎች ገዢ አጥተው ዓሣቸውን ሲደፉ፣ ከዚያ 15 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ባሉ ሌሎች ወደቦች 27 ገዢዎች ዓሣ አጥተው ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር። ቀጥሎ ባሉት ዓመታት የሞባይል ማማዎች ተተከሉ፤ አስጋሪዎቹ ገና ባሕር ላይ ሳሉ ወደየወደቡ መደወል ጀመሩ። የሚደፋው ዓሣ ጠፋ ማለት ይቻላል፤ የአስጋሪው ትርፍ 8 በመቶ ያህል ጨመረ፤ ለበላተኛው ዋጋው 4 በመቶ ያህል ቀነሰ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ የሚነገረው ስለ ማማው ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። የኬረላ አስጋሪ መተግበሪያ አላወረደም፤ ማውጫ አልነካካም። ደወለና በማላያላም፣ በእናቱ ቋንቋ፣ «ዛሬ ስንት ትገዛኛለህ?» አለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ለገበሬው መረጃ በድምፅ ማድረስ አዲስ ነገር አይደለም። 8028ን ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። በ2006 ዓ.ም የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ (የዛሬው ኢንስቲትዩት) ሲጀምረው ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ገበሬው በነፃ ይደውላል፣ ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ አረምና ስለ ተባይ የተቀዳ ድምፅ ይሰማል። ማንበብ አያስፈልግም። መነሻው አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ሌሎችም ቋንቋዎች ተጨምረውበታል። ከእሱም በፊት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ929 የዕለቱን የቡናና የሰሊጥ ዋጋ በስልክ ያሰማ ነበር። በዚሁ በጋምቤላ ክልል፣ ጎደሬ ወይም መንገሺ ወረዳ ውስጥ ቡና ለቅሞ ለሰብሳቢ የሚሸጥ የመዠንግር ገበሬ፣ የማዕከላዊውን ገበያ ዋጋ በራሱ ጆሮ፣ በራሱ ቋንቋ ቢሰማ ምን ያህል አንገቱን ቀና አድርጎ እንደሚደራደር ለመገመት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። ሰብሳቢው ዋጋውን ያውቃል፤ ገበሬው የሚያውቀው ሰብሳቢው የነገረውን ነው።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ልናገር። መረጃ ብቻውን መንገድ አይሆንም። በጋምቤላ ማንጎ ሲደርስ ከዛፉ ሥር ወድቆ የሚበሰብሰው ዋጋው ስለማይታወቅ አይደለም፤ የሚጭነው መኪናና የሚያቆየው ቀዝቃዛ መጋዘን ስለሌለ ነው። ስልክ ሁሉን ይፈታል የሚል ሰው ማንጎ ወቅት ላይ መጥቶ ይይ። ዓሣው፣ ቡናው፣ በሬው ግን መንገዱ አላቸው፤ የጎደላቸው ወሬው ነው።

ሌላው ነገር ምርጫው እየጠበበ መምጣቱ ነው። በ2015 ዓ.ም የነዳጅ ግብይት በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሆን ሲደረግ ባጃጅ ነጂውም፣ ሞተረኛውም፣ የጀልባ ሞተር ያለውም ወደ ስልኩ ተገፋ። በዚያው ዓመት ሳፋሪኮም ሥራ ጀመረ፤ ነሐሴ ላይ ኤም-ፔሳ የተባለውን የስልክ ክፍያ ይዞ መጣ። ክፍያ ወደ ስልክ መዞሩን አልቃወምም፤ ከስርቆትም፣ ከረጅም ሰልፍም አድኖናል። ነገር ግን ጥሬ ብር ላይ ያለውን ቁጥር ማንም ይለየዋል፤ መቶውን ከሁለት መቶው በቀለሙ ያውቀዋል። የስልክ መልእክትን በቀለም መለየት አይቻልም። ማንበብ የማይችል ሻጭ ፊት ሐሰተኛ መልእክት ልኮ «ገብቷል» ማለት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አስቡት። ያቺ ሴት ልጁ ሳያነብላት ዓሣዋን አለመስጠቷ ልክ ነበር።

ጋምቤላ ከመረጃ ጋር ያላት ጉዳይ ደግሞ የትናንት አይደለም። በግንቦት 1894 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ባሮ ዳር ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ የወንዝ ዳርቻና ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተሰጠ። ጋምቤላ ወደብ ሆነች። ከጎሬና ከቡሬ በበቅሎና በሰው ጀርባ የወረደ ቡና በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር፤ ሱዳን ነፃ እስከወጣችበት እስከ 1948 ዓ.ም ድረስ ጣቢያው በእንግሊዞች እጅ ቆየ። መርከብ የሚገባው ግን ባሮ ሲሞላ፣ በክረምቱ ወራት ብቻ ነው። ቡናውን ይዞ ከደጋ የሚወርድ ነጋዴ የመጨረሻዋ መርከብ መቼ እንደምትነሣ ካላወቀ ዕቃው ሳይጫን ወንዙ ጎድሎ ይጠብቀዋል። ከመቶ ዓመት በፊትም እዚህ ቦታ ትርፍና ኪሳራ የሚለየው ወሬን ቀድሞ በመስማት ነበር።

ከትርፍና ከኪሳራ የሚበልጥም አለ። በ2014 ዓ.ም ክረምት ባሮ ሞልቶ ከተማዋንና በዙሪያዋ ያሉትን ወረዳዎች ሲያጥለቀልቅ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ እርሻና ከብት ተወስዷል። ያ ውኃ ጋምቤላ ላይ የዘነበ ብቻ አይደለም። የኢሉባቦርና የወለጋ ደጋ ላይ ዘንቦ፣ ገደሉን ወርዶ ነው የሚደርሰው፤ ለመውረድም ጊዜ ይወስዳል። ያ ጊዜ ለማስጠንቀቂያ ይበቃል። ላሬ ውስጥ ከብቶቹን ወንዝ ዳር ያሳደረ ሰው ስልኩ ጠርታ በኑዌርኛ «ነገ ሌሊት ውኃው ይደርሳል፣ ከብቱን ወደ ከፍታው አውጣ» ብትለው ይወጣል። ይኸው ቃል በአማርኛ ጽሑፍ ቢመጣለት ስልኩን ኪሱ ውስጥ መልሶ ይተኛል።

የእነዚህ ቋንቋዎች ተናጋሪ ጥቂት ነው፣ ወጪው አያዋጣም የሚል መልስ ሲሰጥ ሰምቻለሁ። በ1999ኙ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307,096 ነበር፤ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ኑዌር፣ ከአምስት አንድ በላይ የሚሆነው ደግሞ አኝዋሃ ነው። በዚህ ላይ በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በጀዊና በንጉኝየል መጠለያዎች ያሉት ደቡብ ሱዳናውያን ስደተኞች አብዛኞቹ ኑዌርኛ ተናጋሪ ናቸው፤ በ2011 ዓ.ም የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ የባንክና የቴሌኮም አገልግሎት እንዲያገኙ ፈቅዷል። ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ፣ ከዘመድ ገንዘብ ይቀበላሉ። ለቴሌኮም ድርጅት ይህ ተራ ደንበኛ አይደለም፤ በአንድ የድምፅ ቅጂ የሚደረስበት ትልቅ ገበያ ነው። ድምፅ አንዴ ከተቀዳ በየቀኑ አይከፈልበትም።

ሥራውን የሚሠራ ሰውም አለ። ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሦስትና አራት ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩ ተማሪዎች አሉ። በየቀበሌው ያለው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ «ማዳበሪያ» የሚለውን ቃል በአኝዋሃና በመዠንግር ቋንቋ እንዴት ብሎ እንደሚያስረዳ በየቀኑ ሲሠራው ይኖራል። አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ መቅጃና ንግግሩ የጠራ አንድ ሰው በየቋንቋው ይበቃል። መጀመሪያ የሚቀዳው ረጅም የእርሻ ትምህርት አይሁን። «ይህን ያህል ብር ገብቶልሻል» የምትል አንዲት አጭር የድምፅ መልእክት፣ የዕለቱ የቡናና የበቆሎ ዋጋ፣ የባሮ ማስጠንቀቂያ፤ እነዚህ ሦስቱ ይቅደሙ።

ስለዚህ ልመናዬ ለኢትዮ ቴሌኮም፣ ለሳፋሪኮም፣ ለግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩትና ለክልሉ ግብርና ቢሮ ነው። ባሮ በየዓመቱ በክረምት ይሞላል፤ ቀጠሮው የታወቀ ነው። ቅጂው ከመጪው ክረምት በፊት ይጀመር።