ድሬዳዋ ቶርኖውን ለማን ታስጎብኘው?

የድሬዳዋ አሮጌ ባቡር ጣቢያና ወርክሾፕ በወጉ ታድሶ ለጎብኚ ከተከፈተ ከተማዋ ታንሰራራለች፣ ወጣቱም ሥራ ያገኛል ይባላል። በየመድረኩ ስለተደጋገመ እውነት መስሏል። እኔ አልቀበለውም።

እስቲ ሥራውን እንቁጠረው። ሙዚየም የሚቀጥረው ትኬት ቆራጭ፣ አስጎብኚ፣ ጥበቃና ጽዳት ነው። ሁሉም የተከበረ እንጀራ ነው፤ ግን በጣት የሚቆጠር። ጎብኚውስ? ከሎኮሞቲቩ ጎን ፎቶ ተነስቶ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቡናውን ጠጥቶ ሐረር ሊያድር ይችላል። በዩኔስኮ የተመዘገበው የሐረር ጀጎል ግንብ እዚያው ቅርብ እያለ ድሬ ላይ እንዲያድር የምናደርግለት ምንድን ነው? ደግሞስ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ ከተማዋን ያቆማት ጎብኚ አልነበረም። ባቡር የሚጠግን፣ ጭነት የሚያራግፍ፣ ለእነሱ የሚነግድ ሰው ነው ያቆማት። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ውጭ በመሆኑ ተሳፋሪው ከዚራን ሳያይ ያልፋል። ይህን ጉድለት የትኬት ገቢ አይሞላውም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ወርክሾፑን እንደ ሬሳ መቁጠራችን ነው። መለዋወጫ ከውጭ መምጣት ሲያቆም የምድር ባቡር ሠራተኞች የተሰበረውን ብረት እየለኩ፣ በቶርኖ ማሽን እየቀረጹ ሲተኩ ኖረዋል። ያረጀ ቡሎን አንስቶ፣ ጥርሱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ የት እንደተበላ የሚያውቅ እጅ በየትኛውም የመስታወት ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም። የከተማው ባጃጅም ሆነ ፋብሪካ እንዲህ ያለ እጅ ይፈልጋል።

የከተማዋ ኪነ ጥበብም የበቀለው ከዚሁ ኑሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ሲመሠረት፣ ድምፃዊው ዓሊ ቢራም በልጅነቱ ሲቀላቀለው፣ ድሬ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ዐረቡ በሥራና በገበያ የሚገናኙባት ከተማ ነበረች። አዳራሽ ስለታደሰ ብቻ ዘፋኝ አይወለድም።

ስለዚህ ወርክሾፑ ይታደስ፤ ግን ማሽኖቹ ዳግም ሥራ ይጀምሩ፣ ወጣቶች በአዛውንቶቹ ሥር ሙያውን ይልመዱበት እላለሁ። ችግሩ ጊዜው ነው። ከባለሙያዎቹ ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተዋል፣ ያረፉም አሉ። ቶርኖው ዛሬ ሥራ ቢጀምር የሚያስተምርበት ስንት ሰው ይገኛል? የሠልጣኙን አበልስ ምድር ባቡር ይከፍላል ወይስ አስተዳደሩ? ይህ የእኔ ድርሻ ነው ሲል የሰማሁት የለም።